ሌሊት ሰባሪዋ

ላሎ አፋፍ ላይ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቁጭ ብላ ሳለች፣ ለግማሹ መንደር እኩለ ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት በአጭር ቤት ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ዝቅ፣ እርምጃውን ቀስ ያደርጋል። የሠርግ መኪና እንኳ ቢሆን ጡሩምባውን ውጦ ነው የሚያልፈው። አምና አንድ አገሩን የማያውቅ ሾፌር ክላክሱን ቢያንባርቅ፣ "አንተ ሰውዬ፣ በእኩለ ሌሊት ምን ነክቶሃል!" ብለው ወረዱበት። ሰውየው ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፣ ዝቅ ብሎ ሰዎቹን አየ፣ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

አጭር ቤት ሲባል ጣሪያው አጭር እንዳይመስላችሁ፤ እንግዳ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፍየል ቤት ነው፤ አጭሩ ቀኑ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት መብራት ይበራል፤ ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው ምሽት ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። መብራቱ ለምን በማታ ሆነ ቢሉ፣ መብራቱን የሚያበራው የጓሳ ነፋስ የሚበረታው ፀሐይ ስትገባ ስለሆነ ነው። በረጅም ቤት ደግሞ ከጧቱ አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ አራት ብርሃን ነው። ፍየሎቹ በየተራ ከዚህ ወደዚያ ይዛወራሉ። በአጭር ቤት ሌሊቱ ሲረዝምባቸው ብርድ መጣ ብለው ከሻካራው ጠጉራቸው ሥር ያንን ልስልስ ውስጠ ጠጉር ያበቅላሉ፤ በረጅም ቤት ቀኑ ሲረዝምባቸው ሙቀት መጣ ብለው ይለቁታል፣ ሰው በሚዶ እያበጠረ ይሰበስበዋል። የእኛ አገር ፀሐይ ቀንና ሌሊቱን ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው የምታካፍለው፤ ስለዚህ ፍየሏን የሚያታልላት ሰው ነው። ሰው ደግሞ ማታለል መች ይከብደዋል!

ችግሩ ምንድን ነው፣ የሚያታልለውም ሰው አብሮ ይታለላል። ወቅቱ መቶ ቀን ነው፤ የአጭር ቤት ጠባቂዎች መቶውን ቀን ከፍየሎቹ ጋር ያድራሉ፣ የረጅም ቤቶቹ ከፍየሎቹ ጋር አምሽተው ቤታቸው ይገባሉ። የአጭር ቤት ሰዎች ጠጉራቸው ይደነድናል፣ ንግግራቸው ይረጋል፣ እንቅልፋቸው ይከብዳል። የረጅም ቤቶቹ ቁንጥንጥ ይሆናሉ፣ ሲያበጥሩ ጠጉራቸው በሚዶው ይቀራል። መንደሩ ውስጥ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። ሰላምታው ጨለማ በደም ውስጥ የሚያነሣውን ቅመም ጠርቶ "ሜላቶኒኑ እንዴት ነው?" ሆኗል፤ ሴቶች ሲጣሉ ብርሃን የሚያነሣውን ጠርተው "ፕሮላክቲንሽ ተነሣብሽ እንዴ?" ይባባላሉ።

በእያንዳንዱ ጠባቂ እጅ ላይ አምባር አለ። አምባሩ ደሙን ያያል። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠባቂዎቹ ማኅበር አዳራሽ ደጃፍ ባለው ሰሌዳ ላይ የማን ደም ከማን ደም ጋር እኩል እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይወጣል፤ ደማቸው የተገጣጠመ ጠባቂዎች ፍየሎቹን አይረብሹም ይባላልና። የሚጻፈው ቃል አንድ ነው፤ "ገጥሟል"።

ሀሴት ይህን ቃል አሥራ ስምንት ዓመት አንብባዋለች። "ያፌት፣ ሀሴት፦ ገጥሟል።" ከባሏ ከያፌት ጋር በተጋቡ ዓመት ነው አጭር ቤት የገቡት። ሌላው ሰው የጋብቻ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሌዳው ሥር ሄዳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያችን መስመር አንብባ ትመለሳለች። ማንበብ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። ግን ደስ ይላታል።

አርባ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት መስመሩ ተቀየረ፤ "አልገጠመም" አለ። በሳምንቱም "አልገጠመም"። በሦስተኛው ሳምንት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሮቤል አስጠሯት። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ነገር ማለዘብ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

"ልጄ፣ ጥፋት የለብሽም። ዕድሜ ነው" አሏት። "ሰውነትሽ ጨለማውን መስማት ትቷል። ረጅም ቤት ብትገቢ ይሻልሻል።"

"ያፌትስ?"

"ያፌት ገና ይሰማል።"

ሀሴት ከዚያ ወዲያ የሰማችው ነገር የለም። በእሷ ቦታ የገባችው ስንዱ መሆኗን ግን ሰማች። ስንዱ ያያቶች ስም ተመልሶ ፋሽን በሆነ ዘመን የተወለደች፣ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ዛሬ ሀሴትና ብሌን የሚባሉት አሮጊቶቹ ናቸው። ጠጉሯ እንደ ፍየሎቹ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሥራ ታውቃለች፣ ሰው ታከብራለች፣ ሀሴትን "እትዬ" ትላታለች። ሀሴት ይህንንም ጠላችባት፤ "እትዬ ስትለኝ አሥር ዓመት ትጨምርብኛለች" ትል ነበር።

ወቅቱ በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ሰሌዳው ወጣ። "ያፌት፣ ስንዱ፦ ገጥሟል።"

ጎረቤቷ ብሌን አጠገቧ ቆማ ነበር። ክፋት የላትም፣ አፏ ግን በር የለውም። "ይኸው! ድስት ግጣሙን አያጣም!" አለች።

ሀሴት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ነጎደች። ነገሩን አትሳቱት፤ ባሏ ማገጠ ብላ አልጠረጠረችም። አጭር ቤት ውስጥ መማገጥ አይታሰብም፤ በየክፍሉ ሁለት ጠባቂ ነው፣ በእነሱ ክፍል በወዲህ ጫፍ ያፌት፣ በወዲያ ጫፍ ስንዱ፣ መሀላቸው ስድሳ ፍየል ነው። የቀናችው በሌላ ነው። እሱ ላይ ሌሊቱ ሲመጣ ስንዱም ላይ ይመጣል። እሱ ደሙ ሲረጋ የስንዱም ይረጋል። አሥራ ስምንት ዓመት የእሷ የነበረውን ብርድ አሁን ሌላ ሴት ከባሏ ጋር ትካፈለዋለች፣ እሷ ግን ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥታ ትውላለች። ቢያመነዝር ትፋረደው ነበር፤ ለዚህ ግን ዳኛውስ የት አለ?

እሑድ እሑድ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ መብራቱ እንደበራ፣ ወቅታቸው የተለያየ ባልና ሚስት በአጭር ቤት መስኮት ሩብ ሰዓት ይተያያሉ። እሱ ከእንቅልፉ ሲነሣ እሷ ከሥራ ደክማ ነው የምትመጣው።

"እንደምን አደርሽ?" አላት ያፌት ዓይኑን እያሸ። ጺሙ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

"እኔ ዋልኩ እንጂ አላደርኩም። ምነው ዓይንህ ቀላ?"

"ኧረ የስንዱ ማንኮራፋት ነው! ያች ልጅ ስታንኮራፋ እኮ ወፍጮ ቤት ናት!" ብሎ ሳቀ።

ሀሴት አልሳቀችም። "ማንኮራፋቷን ከየት አወቅህ?"

"ኧ?"

"ከየት አወቅህ ነው የምልህ! መሀላችሁ ስድሳ ፍየል የለም?"

"ስድሳ ፍየል ተሻግሮ ይሰማል እኮ ነው የምልሽ፣ አንቺ ሴትዮ!"

"እኔ ሳንኮራፋ ሰምተህ ታውቃለህ?"

ያፌት አሰበ። እዚህ ላይ ማሰብ አልነበረበትም። "አንቺማ… እኩል እንተኛ አልነበር? ከየት እሰማለሁ?" አለ።

ጆሮ ላለው ሰው ይህ መልስ ማር ነው። ደሙ ከስንዱ ጋር ቢገጥምም እንቅልፉ አልገጠመም፤ ተኝታ እያንኮራፋች እሱ ነቅቶ ይሰማታል ማለት ነው። ቅናት ግን ጆሮ የላትም፤ ሀሴት የሰማችው "አልነበር" የምትለዋን ብቻ ነው። "ደህና እደር፣ ወይም ደህና ዋል፣ እንደ ወቅትህ" ብላው ሄደች። ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመች። ሚዶውን በጠጉሯ ብታሳልፍ እፍኝ ሙሉ ነጭ ጠጉር ተከትሎ ወጣ።

ያፌትና ሀሴት ብቻ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። በተጋቡ ዓመት አንድ ኮርማ ፍየል የአጭር ቤትን የጀርባ ግድግዳ በቀንዱ በስቶት ነበር፤ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ የሳንቲም ያህል። ለማኅበሩ ብንናገር ፍየሉን ያርዱታል ብለው ሁለቱ ጭቃና ጭድ አቡክተው ደፈኑት። ሀሴት በውጭ በኩል በአውራ ጣቷ ጫነችው። ዛሬም ጣቷን ብታስገባ ልክክ ይላል።

ሌላም ነገር ታውቃለች። በእኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃ ብርሃን የገባበት ሌሊት እንዳልነበረ ይቆጠራል። የፍየሏ ደም ይታለላል፤ ቀኑ የረዘመ መስሎት ያበቀለውን ጠጉር ያስጥላታል። ከስድስት ዓመት በፊት መብራት በስሕተት በርቶ ፍየሎቹ በጓሳ ብርድ ራቁታቸውን ቀሩ። ሀያ ሦስቱ ሞቱ። አሥሩን የቀበረችው ሀሴት ራሷ ናት፣ አልቅሳለች። ጠጉሩ ከወደቀ ግን ወቅቱ ይፈርሳል፤ ወቅቱ ከፈረሰ አጭር ቤት ይዘጋል፤ አጭር ቤት ከተዘጋ ያፌት ወደ ቤቱ ይመጣል። ይህን ሁሉ አሰበች። ሀያ ሦስቱንም አሰበቻቸው፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ አስባቸውም ሄደች።

ቀን በስድስት ሰዓት፣ ረጅም ቤት ምሳ ሲበላ፣ ከአጭር ቤት ጀርባ በበቀለው ሳማ መሀል ተሽሎክልካ ግድግዳው ሥር ደረሰች። ሳማው እግሯን ለበለባት። ጭቃውን በሚዶዋ እጀታ ፈልፍላ አወጣች። የኪስ መስታወቷን አወጣችና ፀሐይዋን ተቀብላ በቀዳዳዋ ወደ ውስጥ ላከቻት። ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። ቅናት ዝም ያሰኛል እንዴ? ግድግዳውን ተደግፋ በሹክሹክታ ታወርደው ጀመር።

"ተኛ አንተ ጺማም! ከወፍጮህ ጋር ተኛ! አሥራ ስምንት ዓመት ቅዝቃዜ የቀመስኩት ላንተ አልነበረም? እግርህን በብብቴ ያሞቅሁት እኔ አይደለሁም? ገጠመልህ አሉ። ይግጠምህ! የሾላ ግንድ ይግጠምህ!" ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዲህ አለች። ከዚያ ቀዳዳውን በጭቃው ከድና ሥራዋ ገባች። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን ስለ እናቱ ተናገረች። በሰባተኛው ቀን ስድቡ አልቆባት ጉልበቷን እንዳመማት፣ ከብሌን ጋር እንደተኳረፈች፣ ቤቱ ያለ እሱ እንደሚያስፈራት ስትናገር ራሷን አገኘችው። አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሳማው መንገድ አወጣ።

በመሀሉ በነበረው እሑድ ያፌት መስኮት ላይ አልመጣም፤ ደክሞኛል ብሎ ላከባት። "ይደክመዋላ!" አለች ሀሴት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሀሴት ወደ ሰሌዳው ስትሄድ ሰዎች ተሰብስበው አየች። ጠጉሩ ወደቀ ብላ እርምጃዋን አፈጠነች። ብሌን ዞራ አየቻት፣ ምንም አላለችም፤ ብሌን ዝም ስትል ደግሞ የሚያስፈራ ነው። ሀሴት ሰዉን ገፍታ ገባች።

"ያፌት፣ ሀሴት፦ ገጥሟል።"

ነጠላዋን አስተካከለች። እንደ ድሮው፣ ሳታውቀው። ፊቷ በራ፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ለአንድ ትንፋሽ ያህል በመንደሩ ከእሷ የደላት ሴት አልነበረችም። ቀጥሎ ግን የሰዉ ፊት ታያት። አጭር ቤት ያለ ሰው ደሙ ረጅም ቤት ካለች ሴት ጋር እንዴት ይገጥማል? ሌሊቱ ካልተሰበረ አይገጥምም። የሰበረው ማነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ያፌትን ጥቁር መነጽር አድርገው አመጡት። ለመሐላው መነጽሩን ሲያወልቅ ሰው ሁሉ ያየው ነገር ቢኖር በግራ ጉንጩ ላይ የነበረ ክብ ነው፤ ፊቱ ከጨለማው የተነሣ ገርጥቶ ሳለ፣ በሳንቲም ልክ የሆነች ክብ ቦታ ግን በፀሐይ ጠቁራ ተልጣለች። እዚያች ላይ ጺም የለም።

ጋሽ ሮቤል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ያፌት፣ የጀርባው ግድግዳ ቀዳዳ አለው። ማን ከፈተው?"

"እኔ ነኝ" አለ ያፌት። "ፀሐይ ናፈቀኝ፣ በእንጨት ፈለፈልኩት።"

"እንግዲህ ልጄ፣ ሕጉን ታውቃለህ። ሌሊት የሰበረ ከፍየል ይለያል። እስከ ዕለተ ሞቱ።"

"አውቃለሁ።"

ያፌት ከፍየል ሌላ ሥራ አያውቅም። አባቱም አያውቁም ነበር። ሀሴት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች። ብትናገር ከፍየል የምትለየው እሷ ናት፤ ከዚያም በላይ በሃምሳ ዓመቷ በልጅ እግር ቀንታ ግድግዳ ሥር ስታጉረመርም መክረሟን መንደር ይሰማል። ብትተው ደግሞ ያፌት ከነገ ጀምሮ ከእሷ ጋር ቤት ይውላል። የተመኘችው እኮ ይኸው ነበር።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አሉ ጋሽ ሮቤል የፍየሎቹን ወረቀት እያገላበጡ። "አሥራ ሁለት ቀን ብርሃን ገብቷል። ከስድሳው ፍየል ግን የአንዲቷ እንኳ ሌሊት አልተነካም። ብርሃኑ የት ገባ?"

ያፌት ጉንጩን ነካ። "እዚህ ቀረ" አለ። "ቀዳዳው ላይ ተኝቼበት ነበር። ፍየሎቹ ምን በደሉ?"

አዳራሹ ሳቀ። ሀሴት ግን ብድግ አለች። ላስብበት አላለችም፤ እግሯ ነው የቆመው።

"ውሸቱን ነው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው ውሸቱን ነው! እንጨትም አላነሣ፣ ፀሐይም አልናፈቀው። የከፈትኩት እኔ ነኝ። በመስታወት ያበራሁት እኔ ነኝ። ቀናሁ! በዚች ልጅ ቀናሁ፣ ጠጉሩ ወድቆ ወቅቱ ይፍረስ አልኩ። ፍየሎቹ ቢሞቱም ይሙቱ አልኩ። ይኸው ነው። ያበጠው ይፈንዳ!"

የሳቀ ሰው አልነበረም። ጋሽ ሮቤል የፍየሎቹን ወረቀት አጥፈው አስቀመጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሕጉ የሚለው የፍየል ሌሊት የሰበረ ነው። የፍየል ሌሊት አልተሰበረም። የተሰበረው የያፌት ሌሊት ነው። እሱ ደሙ ስለተዛባ ወደ አጭር ቤት አይመለስም፤ ረጅም ቤት ገብቶ ያበጥራል። የቀረው ሰባ ሌሊት ነው። የሱን ሌሊት የሰበረች የሱን ሌሊት ትተኛለት።"

"ሰውነቴ ጨለማ አይሰማም ብለውኝ የለ?" አለች ሀሴት።

"ሰውነትሽ ባይሰማ እጅሽ ፍየሎቹን ያውቃል። ትገቢያለሽ። ከስንዱ ጋር።"

ምሽት ላይ፣ ጨለማ ሊለቅ መብራት ሊበራ ሲል፣ ያፌት እስከ አጭር ቤት በር ሸኛት። ጓዟን የያዘላት እሱ ነው።

"ጨርቅ አጥተህ ነው ጉንጭህን ያስጠበስከው?" አለችው መሬት መሬት እያየች።

"ጨርቅማ ሞልቶ።"

"ታዲያ አትወትፈውም ነበር?"

"ከወተፍኩት ድምፅሽ አይገባማ።" ጓዙን አቀበላት። "ስድብሽ እስኪጀምር ነበር የምጠብቀው። የእናቴን ነገር ግን አበዛሽው።"

መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች፣ በሩ ግን ተከፍቶ ስንዱ ቆማ ነበር። "እትዬ፣ እንደምን አደሩ፣ ይግቡ" አለቻት። ሀሴት ገባች።

በመጀመሪያው ሌሊት ስንዱ እንደተጋደመች ማንኮራፋት ጀመረች። እናንተዬ፣ ወፍጮ ቤት ብቻ አይደለም፤ ወፍጮው ድንጋይ የገባበት ነው። ሀሴት በጨለማው ውስጥ ቁጭ ብላ፣ "እንዲህ ለምታንኮራፋ ሴት ነው ጠጉሬን የነጨሁት!" አለች ጮክ ብላ። አጠገቧ የተኛችው ፍየል ጆሮዋን ነቀነቀች።

"እትዬ፣ ጠሩኝ እንዴ?" አለች ስንዱ ነቅታ።

"አልጠራሁሽም፣ ተኚ።"

"ቀን በስድስት ሰዓት ጋሼ ያፌትም እንደ እርስዎ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ተነሥቶ በሆዱ እየተሳበ ግድግዳው ጋ ይሄዳል፣ ግማሽ ሰዓት ፊቱን ደፍቶ ይቆያል። እኔ ጸሎት መስሎኝ፣ እንዳልረብሸው ብዬ የተኛሁ መስዬ ዝም እላለሁ። አንዳንዴም ይስቃል። ጸሎት ላይ የሚሳቅ አይመስለኝም ነበር።" ይህን ብላ ወዲያው ማንኮራፋቷን ቀጠለች።

የሀሴት ደም ጨለማውን አይሰማም፤ ስለዚህ ዓይኗን አልከደነችም። አምባሩ በጣቷ ሥር ነዝሮ ሰዓቱን አሳወቃት፤ ስድስት። በስድሳው ፍየል መሀል፣ እየዳሰሰች፣ ቀንድ እየነካች፣ ወደ ጀርባው ግድግዳ በሆዷ ተሳበች። ጉንጯን አስጠጋች። ከወዲያ በኩል ሳማው ተንኮሻኮሸ። አንድ ሰው "አይ እግሬ!" ብሎ ተቀመጠና ግድግዳውን ተደገፈ።

"እንግዲህ…" አለ የያፌት ድምፅ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "አንቺ… አንቺ ቀናተኛ!" ከዚያ ስድቡ አለቀበት። ስድብ አያውቅበትም፣ ዱሮም አያውቅበትም። ትንሽ ቆየና በረጅም ቤት ስላበጠራት ነጭ ፍየል ይነግራት ጀመር።

ሀሴት ቀዳዳውን በጣቷ ፈለገችው። አዲስ ጭቃ ነው፣ ድምፅ እንዲያሳልፍ ስስ ተደርጎ የተለጠፈ፣ ገና እርጥብ ነው፣ በውጭ በኩል የጫነው ደግሞ የእሷ ሳይሆን የያፌት ጣት መሆን አለበት። ብርሃን ያሾልክ እንደሆን ዙሪያውን ዳሰሰች።

ግጥም ብሏል።